አንዲት ክኒን ለሁለት

እህቴ የወደቀችው አምና ነው፤ ጥምቀት አልፎ በመጣው ቅዳሜ፣ አዲስ ቅዳም ገበያ ላይ። ድንቻችንን ሸጠን ጨርሰን፣ እኔ ጨው ልገዛ ዞር ስል እሷ ኬሻው ላይ እንደተቀመጠች ወደ ጎን ዘመም አለች። እንቅልፍ የጣላት መስሎኝ "ምነው እትየ፣ በጠራራ ፀሐይ!" ብዬ ሳቅሁባት። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለችና እትየ ነው የምላት። ቀና ሳደርጋት አፏ ወደ አንድ ወገን ሄዷል፤ ቀኝ እጇ የሷ አይመስልም። ሰው ተሰበሰበ። ገሚሱ "መጋኛ ነው፣ አትንኳት" አለ፣ ገሚሱ "ውሃ ርጩባት" አለ። አንድ የሚኒባስ ሹፌር፣ እግዜር ይስጠው፣ ተሳፋሪውን አስወርዶ እንጅባራ ሐኪም ቤት አደረሰን።

የኔም ነገር የተገኘው ያን ቀን ነው። ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፤ የልጄን ልጅ ብታክል ነው። እህቴን አይታ ስትጨርስ እኔን ግድግዳ ተደግፌ ሳለከልክ አየችኝ።

"እማማ፣ እርስዎም ይምጡ እስቲ።"

"እኔ ደህና ነኝ ልጀ። እሷን ደግፌ ደክሞኝ ነው።"

አልሰማችኝም። ማዳመጫዋን ደረቴ ላይ አድርጋ በሌላ እጇ የእጄን አንጓ ያዘች። ብዙ ቆየች። "ልብዎ የሚመታው ሁሉ እጅዎ ድረስ አይመጣም" አለችኝ።

"ታዲያ መንገድ ላይ የት ይቀራል?" ብላት ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

እኔ ያንን ነገር ስንት ዓመት አውቀዋለሁ። ገብስ ሲቆላ እንዴት ነው የሚፈነዳው? አንዱ ጠሽ ይላል፤ ዝም። ቀጥሎ ሦስት አራቱ ይንጣጣል፤ ደግሞ ዝም። በደረቴ ውስጥ እንደዚያ ነበር። እርጅና ነው ብዬ ዝም አልሁ። እህቴም እንደዚያው ይላት እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ አሁን ብጠይቃትም አትነግረኝም። ሐኪሟ እንዳለችው የልባችን የላይኛው ክፍል እንደሚገባው አይጨመቅም፣ ይንቀጠቀጣል። ደሙ እዚያ ሲያንቀላፋ ይረጋል። የረጋው ቁራጭ ተነሥቶ ወደ ጭንቅላት የሄደ እንደሆነ ሰውን እንደ እህቴ ያደርገዋል። ላም አልቤ ወተት ሲረጋ እያየሁ ላረጀሁት ለኔ ይህ ግልጽ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለእህቴ አንድ ቃል ቀራት። ያ ሁሉ አማርኛዋ ሄደ። የናታችን ቋንቋ አውኚም አብሮ ሄደ፤ "ነይ" የምትለዋ ብቻ ተረፈች። ውሃ ሲጠማት ነይ፣ ስትናደድ ነይ፣ ፀሐይ ልትሞቅ ስትፈልግ ነይ። ድሮ የሰፈር ጠብ የምታበርደው፣ ሠርግ ላይ ዘፈን የምታወጣው እሷ ነበረች፤ እኔ ከኋላ ተቀባይ ነበርሁ። አሁን የትኛው "ነይ" ምን እንደሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ቤት አመጣኋት።

ክኒኖቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የጠዋቷ የልብ ሩጫ ታበርዳለች፤ የማታዋ ደም ታቀጥናለች። ለማታዋ ደማችንን ደጋግመው ለኩ። ቁጥሩ በሁለትና በሦስት መካከል መሆን አለበት አሉን፤ ከዚያ ካነሰ ደም ይረጋል፣ ከበዛ ይፈስሳል። የሚገርመው ለሁለታችንም አንድ ልክ ወጣልን፦ በየቀኑ አንድ፣ ረቡዕና ዓርብ ግማሽ። "እህትማማች መሆናችሁን ደማችሁም ያውቃል" አለች ሐኪሟ። በትልልቅ ፊደል ጽፋ ሰጠችኝ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ፊደል የቆጠርሁት በዚያ በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ልጅ አዝዬ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። ቀስ ብዬ አነብባለሁ፤ እንዲህ ቀስ ብዬ እጽፋለሁም።

ወረቀቷን አነበብሁና በሆዴ ሳቅሁ። ረቡዕና ዓርብ እኮ ጾም ነው! ገባኝ አልሁ። በፍስክ ቀን ሆድ ወተትም ቅቤም ይዟል፣ ክኒኗን ይችላታል። በጾም ቀን ሆድ ባዶ ነው፣ ስለዚህ ግማሽ አደረገችልን። ይህቺ የከተማ ልጅ እንዴት ብታስብልን ነው ብዬ መረቅኋት። ወረቀቷን ቆርቆሮ ውስጥ ከተትሁ፤ ዳግመኛ አላየኋትም። ረቡዕ ማታ ቢላ አወጣለሁ፣ አንዲቷን ክኒን መሐል ለመሐል እሰብራለሁ፤ ግማሿን ለሷ፣ ግማሿን ለኔ። ዓርብም እንዲሁ። ልጅ ሳለን አንድ ዳቦ ለሁለት ስንቆርስ የነበረው ትዝ ይለኝና ደስ ይለኛል።

ከዚያ ሑዳዴ ገባ።

ሑዳዴ ሲገባ ምን አደረግሁ? ሁሉም ቀን ጾም ነውና በየማታው አንዲቷን ለሁለት ሰበርሁ። ማንንም አልጠየቅሁም። የጠዋቷን በአንድ ጉንጭ ውሃ እንድንውጥ የንስሐ አባታችን ፈቅደውልናል፤ እሷን አላጎደልሁም። ከባሕር ዳር ልጄ "እምየ፣ ለልብ ጥሩ ነው" ብላ የላከችልኝ የዓሣ ዘይት ነበረ፣ ወርቅ የመሰለ ፍሬ። እሱን ግን አቆምሁ። ዓሣ በሑዳዴ ይበላል አይበላም እያሉ ሰዎች ሲከራከሩ ስለምሰማ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ይቆይ ብዬ መስኮት ላይ አስቀመጥሁት።

ጎመን ግን በላን። የኛ ጓሮ ለከሰል ከተከልነው ከዲከረንሱ ዛፍ ሥር ወዲህ ያለችው ጥቁር አፈር ናት፤ ጎመን ይወድዳታል። ውርጭ ሲመታው ደግሞ ይጣፍጣል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጎመን በድንች፣ ማታ የተረፈው ጎመን። እህቴ በግራ እጇ እየጎረሰች ነይ ትለኛለች፤ ያቺኛዋ ጨምሪልኝ ማለት ናት።

አምስተኛው ሳምንት ላይ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ፊቷን ላስታጥባት ውሃ ይዤ እንደቆምሁ ጣሳው ከእጄ ወደቀ። ላነሣው ጎንበስ አልሁ። ጣቶቼ አሉ፣ አያቸዋለሁ፣ አይታዘዙም። "ወይ ጉድ" ልል አፌን ብከፍት ምላሴ እንደ እርጥብ ጨርቅ ከበደኝ። በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ጀመርሁ፤ እዚያም፣ በልቤ ውስጥ እንኳ፣ ከመጀመሪያው ቃል ወዲያ ያለው ጠፋኝ።

እህቴ አየችኝ። ምን እንደሆንሁ ከዚህ ምድር ላይ እንደሷ የሚያውቅ የለም። "ነይ!" አለች። እንደዚያ ጮኻ አታውቅም። ወደ አጥሩ ዞራ፦ "ነይ! ነይ! ነይ!"

ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ፣ የልጅነት ባልንጀራዬ ናት፣ የድንች ልጣጭ በእጇ እንደያዘች ሮጣ ገባች።

"ምን ሆናችሁ? ምን ሆንሽ አንቺ?"

"ም... ንም" አልሁ። ምላሴ መመለስ ጀምሮ ነበር።

"ምንም የሚባለው እንዲህ ነው? ምንምሽን ይዘሽ ተነሺ!"

"ጣቶቼ እየተመለሱ ነው፣ ተዪኝ..."

"ሁለት ድዳ ላስታምም ነው የምትፈልጊ? እኔ ዕድሜ የለኝም!" እያለቀሰች ነው የምትሳደበው። ባጃጅ ጠራች፣ ክኒን ያለበትን ቆርቆሮ፣ የዓሣ ዘይቱን፣ ራስጌዬ ያገኘችውን ሁሉ ፌስታል ውስጥ አጎረች፤ እህቴንም ትተናት አንሄድም ብላ ይዛት ወጣች። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ሚኒባስ ተሳፈርን።

እንጅባራ እስክንደርስ ጣቶቼን እያፍታታሁ አንድ ነገር ብቻ አሰብሁ። ሞትን አልነበረም፤ ለሱ ከተዘጋጀሁ ቆይቻለሁ። እኔም አንድ ቃል ብቻ ቢቀረኝ የሷን "ነይ" ለሰው ማን ያስረዳል? ሁለታችን አንድ አልጋ ላይ ሆነን ነይ፣ ነይ ስንባባል ታየኝ።

ሐኪሟ መጀመሪያ ደማችንን አስለካች። የኔ ከሁለት በታች ወርዷል። የእህቴም ወርዷል። የሷን ክኒን የምሰጣት እኔ ነኝ።

ከዚያ ፌስታሉን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈችው።

"እማማ፣ ይህ ክኒን እስካሁን ማለቅ ነበረበት። ለምን ተረፈ?"

እውነቱን ከነገርኋት ጾሙን ተዪ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ባለፈው "ምግብ እንዴት ነው?" ስትለኝም "ደህና ነው" ብዬ ያለፍሁት ለዚሁ ነው። ባልንጀራዬ ግን በክርኗ ጎሸመችኝ።

"በጾም ቀን ግማሽ ብለሽኝ የለ?" አልሁ።

"እኔ? ረቡዕና ዓርብ ነው ያልኩት።"

"ረቡዕና ዓርብስ ጾም አይደል? ሑዳዴ ደግሞ ሁሉም ጾም ነው።"

እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። ትስቃለች ወይ ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ አንዱንም አላደረገችም። "እማማ፣ የሳምንቱ ልክ እንዲገጥም ነው እንጂ ከጾሙ ጋር አልተያያዘም። ሰኞና ሐሙስ ብልዎትም ያው ነበር።"

ሰኞና ሐሙስ! ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እኔ ክኒኗ ጾሜን የምታውቅ መስሎኝ ነበር። ለካ አታውቅም፤ የኔን ቀን መቁጠሪያ የነገራት የለም። አዋቂው እኔ ነበርሁ፣ ጠያቂ መሆንም ይገባኝ የነበረው እኔ ነበርሁ።

"ምን ይበላሉ ታዲያ?"

"ጎመን።"

"በየቀኑ?"

"በቀን ሁለቴ።"

ጎመን ውስጥ ደም የሚያረጋ ነገር እንዳለ ነገረችን፤ ክኒኗ ስታቀጥን ጎመኑ ይመልሳል። እኔ ክኒኗን ቀንሼ ጎመኑን አብዝቻለሁ። "ልተወዋ ጎመኑን" አልሁ።

"አይተዉትም። ደህና ምግብ ነው። ድንገት ቢተዉት ደግሞ ክኒኗ ትበረታና ደም ያፈስስብዎታል። ልክ ይኑረው። በቀን አንድ ጭልፋ፣ ከዚያ አይጨምሩ፣ ከዚያ አይቀንሱ።"

"ሑዳዴ እስኪያልቅ?"

"ሁልጊዜ። በፍስክም።"

"በፍስክ ጎመን!" አለች ባልንጀራዬ። "በፋሲካስ?"

"በፋሲካም።"

"ኧረ በስማም! ዶሮ ተሠርቶ ጎመን የሚያቀርብ ቤት ሄጄ አላውቅም።"

ሐኪሟ ያን ጊዜ ሳቀች። የዓሣ ዘይቱን አንሥታ አየችው፤ ለጉንፋን እያልሁ የምልሰውን፣ በማር የዘፈዘፍሁትን ነጭ ሽንኩርትም አሸተተችው፤ ባልንጀራዬ እሱንም አልተወችውም። ሽንኩርቱ ወጥ ውስጥ ሲገባ ችግር የለውም አለች፤ እንዲህ በማንኪያ እየተላሰ፣ ዘይቱም እየተጨመረ ግን ከክኒኗ ጋር አብሮ ደም ሊያፈስስ ይችላል፤ ሁለቱም ለጊዜው ይቅሩ። "ሌላም ነገር ቢያመጡልዎ ሳይነግሩኝ አይጀምሩ። የጀመሩትንም ሳይነግሩኝ አይተዉ።"

በመጨረሻ ድፍረቴን ሰብስቤ "ጾሙንስ?" አልኋት።

"ጾሙን መቼ ከለከልኩዎ? ክኒንዎን ከዋጡና ጭልፋዎን ከጠበቁ ይጹሙ። እኔም እየጾምኩ ነው።"

ሁለት ቀን አስተኝተውን ክኒኑን ወደ ቀድሞ ልኩ መልሰው ሸኙን። ከዚያ በየሳምንቱ ተመላለስን። ለሆሳዕና ሰሞን የሁለታችንም ቁጥር በሁለትና በሦስት መካከል ገባ። ጸበላችንንም አልተውንም፤ ቅዳሜ ጠዋት ጸበል፣ ማታ ክኒን።

ፋሲካ ሆነ። ልጄ ልጆቿን ይዛ ከባሕር ዳር መጣች። እሑድ ቀን ዶሮው ተሠርቶ፣ ሰው ሁሉ ከብቦ ተቀምጦ፣ እኔ ከጓዳ ትንሽ ሳህን ይዤ ብቅ አልሁ። ሁለት ጭልፋ ጎመን፤ አንዱ የኔ አንዱ የእትየ።

"እምየ! ምነው፣ ዛሬ እንኳ?" አለች ልጄ።

"ተያት፣ የሐኪም ትእዛዝ ነው" አለች ባልንጀራዬ አፏ ዶሮ ሞልቶ። "ልቧ ጎመን ካልቀረበለት አይመታም።"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እህቴም ሳቀች፤ በደህናው ጉንጯ።

እኔ ግን የምፈራው እሑድን አልነበረም። የምፈራው ረቡዕን ነበር። ከፋሲካ በኋላ እስከ ሃምሳ ቀን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። እንግዶቹ ማክሰኞ ሄዱ። ረቡዕ ማታ አንድ ሰዓት ላይ የዶሮውን ትርፍ አሙቄ አቀረብሁ፣ ከጎኑ ሁለቱን ጭልፋ ጎመን። ቆርቆሮዬን ከፈትሁ። ፊት ለፊቴ ቅቤ የበዛበት ወጥ እያየሁ እጄ በራሱ ሁለት ሙሉ ክኒን አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። ፍስክ ነዋ!

ቆም አልሁ። ወረቀቷን አወጣሁና ጣቴን ከሥሯ እያስኬድሁ አነበብኋት። ረ-ቡ-ዕ። ስለ ዶሮ የሚል የለባትም።

አንዷን መለስሁ። ቢላውን አንሥቼ ሌላዋን መሐል ለመሐል ሰበርኋት። እህቴ ስታየኝ ቆይታ ግራ እጇን ዘረጋች።

"ነይ" አለችኝ።

ግማሿን መዳፏ ላይ አኖርሁላት።