ያልያዝሁት ፍሬን

ይህን ታሪክ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ተጠራጥሬአለሁ። አንድ ተማሪ ብስክሌት ነዳ፣ አጠፋ፣ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሌላ ነገር የለውም። የባሰ የደረሰበት ሰው በሞላበት አገር የእኔን ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በእኔ ጥፋት የአንድ ደግ ሰው ስም ለአርባ ቀን ጎድፎ ቆይቷል። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ ልጽፈው ወሰንሁ።

ያደግሁት ይፋግ ነው። እዚያ አገሩ ሜዳ፣ መንገዱም አስፋልት ስለሆነ ብስክሌት መንዳት የማይችል የለም። ደብረ ታቦር ለትምህርት ከመጣሁ በኋላ ከሁሉ በላይ የናፈቀኝም እሱ ነበር። አንድ ቀን በስልኬ ፈረንጆች በፈረንሳይ ገጠር በጠጠር መንገድ ከአንዱ ጥንታዊ መንደር ወደ ሌላው በብስክሌት ሲጓዙ አየሁ። አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ሲያገኙ ይቆማሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲያገኙ ገብተው ያያሉ፤ አጥር ሥር ተቀምጠው ዳቦ ይበሉና ይቀጥላሉ። ይኸማ እኛም አገር አለ አልሁ። ጠጠሩም፣ ድልድዩም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ሞልቷል። የጎደለኝ ብስክሌቱ ብቻ ነበር።

እሱንም ከገበያው በታች ካሉ አንድ ሳይክል ሠሪ አገኘሁ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሙስሊም ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሃምሳን ሳያልፍ አይቀርም። እሑድ እሑድ ገበሬው ከሥራ ስለሚያርፍ የመሣሪያ ቦርሳቸውን አዝለው በሳይክል ወደ ገጠር ይወጣሉ፤ የመምህራኑን፣ የጤና ሠራተኞቹንና የወጣቶቹን ሳይክል እዚያው መንደራቸው ድረስ ሄደው ይጠግናሉ። አብሬያቸው ልሂድ ብዬ ስለምናቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ትችላለህ?»

«እግሬ ጠንካራ ነው ጋሼ።»

«እግርማ በርጩማም አለው። ሳንባ አለህ ወይ?»

እንዲህ ብለው አንድ ጎማው ሰፊ የሆነ ሳይክል ሰጡኝ። ከመስጠታቸው በፊት ግን ገልብጠው የፊቱንም የኋላውንም የፍሬን ጎማ አዲስ ቀየሩለት፤ አሽከርክረው ያዙት፣ እንደገና አሽከርክረው ያዙት። «ካቴና ቢበጠስ ትገፋዋለህ፤ ጎማ ቢተነፍስ እጠግነዋለሁ። ፍሬን ግን ቀልድ የለውም» አሉኝ።

በገሳይ በኩል ያለውን አስፋልት ጥቂት ከሄድን በኋላ ወደ ኮረኮንቹ እንገባለን። ከፊታችን ጉና ተራራ ይታያል፤ ከግራና ከቀኝ የታጨደ የገብስ ማሳ አለ። መጀመሪያ ላይ መሪውን በኃይል ጨብጬ ክንዴ እስኪደነዝዝ ተንገጫገጭሁ። ጋሼ ከኋላዬ ሆነው ይስቃሉ። «ልቀቀው እንጂ! አታንቀው! ሳይክል እንደ በቅሎ ነው፤ ትንሽ ስታምነው መንገዱን ራሱ ይመርጣል።» እውነትም ስለቀው ቀለለኝ። በመንገድ የምናገኛቸው ሰዎች ሰላምታውን ከቀልድ ጋር ነበር የሚሰጡን። አንዲት ሴት ሸክማቸውን አስደግፈው ቆመው፣ «ወንድምዬ፣ ይኸ ነገርህ ገብስ ይበላል?» አሉኝ። «አይበላም እናቴ» ስላቸው፣ «ታዲያ ለምን ትጋልበዋለህ ምስኪኑን!» ብለው አሳቁኝ።

የምንሄድበት መንደር ከወንዝ ማዶ ተረተር ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በጥድና በወይራ ተከቧል፤ የድንጋይ ካቡ በዕድሜ ብዛት ሽበት አብቅሏል። ወንዙ ላይ በኖራ የተሠራ አሮጌ ድልድይ አለ። የጎንደር ነገሥታት ያሠሩት ነው ይላሉ፤ የትኛው ንጉሥ እንደሆነ ግን ሁለት ሽማግሌ አንድ ስም ሲጠራ አልሰማሁም። ከወዲህ ያለው መንገድ በረጅም ቁልቁለት ድልድዩ ላይ ይወርዳል፤ ከድልድዩ ማዶ ወዲያው ቀጥ ያለ ዳገት ይጀምራል። ችግሬም ያ ዳገት ነበር።

«ያችን ዳገት ከሳይክል ሳይወርድ የወጣ ተማሪ አላየሁም» አሉኝ ጋሼ።

«ስንት ተማሪ አይተዋል?»

«አንተን።»

በመጀመሪያው እሑድ ግማሽ ላይ ወረድሁ። በሁለተኛውም እንዲሁ። ሰው ሲያመሰግነኝ የምወድ ልጅ ነኝ፤ ይህን ለመደበቅ አልሞክርም። ሳምንቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የማስበው ጋሼ «ጎሽ!» ሲሉኝ ነበር። ዘዴውም ገባኝ፤ ቁልቁለቱን ፍሬን ሳልይዝ ከወረድሁ ፍጥነቱ ራሱ ዳገቱን ያጋምስልኛል።

ሦስተኛው እሑድ ታኅሣሥ 4 ነበር። ቁልቁለቱን ስጀምር ከታች፣ ከድልድዩ ወዲህ፣ ሰዎች ቆመው አየሁ። ነጭ ጋቢ፣ ጥላ፣ መስቀል። ቃሬዛው መንገድ ዳር መሬት ላይ ነበር፤ ከከተማ ሐኪም ቤት ወደ መንደሩ ሲመልሱት ካህናቱ ፍትሐት ሊያደርሱ አሳርፈውታል። በአገራችን በበቅሎ የሚሄድ ሰው ሬሳ ሲያይ ይወርዳል፤ ወርዶ፣ ልጓሙን ይዞ፣ እስኪያልፍ ይቆማል። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ለመቆምም በቂ ርቀት ነበረኝ። ጣቶቼ ፍሬኑ ላይ ነበሩ፤ አልጨበጥሁትም። «በቅሎ አይደለም፣ ሳይክል ነው፤ በዳር አልፋለሁ» አልሁ በልቤ። አቧራዬን እያቦነንሁ በአጠገባቸው አለፍሁ፣ ድልድዩን ተሻገርሁ፣ ዳገቱንም ሳልወርድ ወጣሁት።

ከላይ ሆኜ ዞር ስል «ጎሽ» የሚለኝ አልነበረም። ጋሼ ገና ከሩቅ ወርደው ሳይክላቸውን መሬት ላይ አስተኝተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ወንዶች ከበዋቸዋል። ሳይክሌን እየገፋሁ ተመለስሁ። የሟች ወንድም ዱላቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«የማን ልጅ ነህ አንተ? በሰው ሬሳ ላይ አቧራ የምትነዛ! እህል ነው እንዴ የተሸከምነው?»

ጋሼ መካከላችን ገቡ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ፍሬኑ አልይዝ ብሎት ነው። ሳልጠግነው የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እንምታ ብትሉም እኔን ምቱ።»

ሰውየው አዩኝ። «እውነት ነው?»

በአንገቴ አዎ አልሁ።

ዱላው ወረደ። ካህናቱ ጸሎቱን ቀጠሉ። የሟች ሚስት ቃሬዛው አጠገብ ተቀምጠው፣ ነጠላቸው ላይ ያረፈውን አቧራ ሳያራግፉ፣ እኛን እንኳ ቀና ብለው አላዩንም። ስንመለስ ጋሼ ከፊት ከፊቴ ነዱ። እኔም ሳላመሰግናቸው ተለያየን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቀስ በቀስ ነው የተረዳሁት። በሚቀጥለው እሑድ ጋሼ ብቻቸውን ሄደው ከቀትር በፊት ተመለሱ። በሌላውም እሑድ እንዲሁ። ቦርሳቸው እንደተቆለፈ ነበር። የመንደሩ መምህር ሳይክሉን ሌላ ሠሪ ዘንድ ወስዶ ሲያሠራ በዓይኔ አየሁት። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ «ፍሬን ሳያይ ሳይክል ለሚሰጥ ሰው ነፍሴን አልሰጥም» አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ በእጃቸው ያቆዩት ስም ነበር።

ወደ ጋሼ ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ አልኋቸው።

«ተው» አሉኝ፣ ከጎማው ላይ ቀና ሳይሉ። «አንተ አጥፊ፣ እኔ ውሸታም ልንሆን? እስካሁን እኮ ሰነፍ ብቻ ነኝ።»

«እኔ ነኝ ያዋሸሁዎት።»

«ማንም አላዋሸኝም። ዱላውን አይቼ ነው። የሰው ልጅ ነህ፣ ከይፋግ የመጣህ እንግዳ ነህ።» ካላማዳሪያውን፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ውሃ ውስጥ ነክረው አረፋ የሚወጣበትን ፈለጉ። ቆይተው፣ «ከተናገርህም ለመምህሩ አይደለም፤ ለባለሐዘኗ ነው። አርባው ሲደርስ ድንጋይ ተሸክመህ ትገባለህ። እኔም ውሸቴን ይዤ እከተልሃለሁ» አሉኝ።

አርባው ሐሙስ ቀን ዋለ። ትምህርት ቀርቼ ሄድሁ። ከቁልቁለቱ አናት ጀምረን ሳይክሎቻችንን እየገፋን ወረድን፤ ድልድዩንም ዳገቱንም በእግራችን አለፍን። ዳሱ አጠገብ ስንደርስ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሣሁ። ትንሽ ካነሣሁ ንስሐዬ ትንሽ እንዳይመስል ፈርቼ ትልቁን መረጥሁ። ማጅራቴ ላይ አወጣሁት። እንደዚያው እየተንገዳገድሁ ገብቼ የሟች ሚስት ፊት ተንበረከክሁ።

እማማ አዩኝ። አዲስ ካብ የሚያክለውን ድንጋይ አዩ። «ይኸን ሁሉ ምን አሸከመህ ልጄ? አጥር ልታጥርልኝ ነው?»

አንዳንዶች ሳቁ። እኔ ግን ላብ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ተናገርሁ። «ፍሬኑ ደህና ነበር እማማ። አዲስ ነበር። እኔ ነኝ ያልያዝሁት። ዳገቱ እንዳይከብደኝ ብዬ ነው። ጋሼ እኔን ለማዳን ነው የዋሹት።»

እማማ ወደ ጋሼ ዞሩ። «አንተስ? ለምን ዋሸኸኝ?»

«ዱላው አስፈራኝ እመቤቴ። ልጅ ነው።»

«እኔ ስለ ፍሬን መቼ ጠየቅሁ?» አሉ እማማ። «ባሌ ከበቅሎው ሳይወርድ ያሳለፈው ሰው አልነበረም። ለደሃም ለሕፃንም ይወርድ ነበር፤ ገበያ የሚዘገየውም በዚሁ ነበር። በመጨረሻ መንገዱ ለሱ የሚወርድለት ይጥፋ? አርባ ቀን ሙሉ የነደደኝ ይኸ ነው። ብረቱ እንቢ ብሎ ነው ሲሉኝ ደግሞ በማን ልዘን? በብረት?»

አለቀስሁ መሰለኝ። እማማ እጃቸውን ዘርግተው ድንጋዩን ከማጅራቴ ላይ ገፉት፤ ከጎኔ ወደቀ። «እውነቱን ስለነገርኸኝ እንኳ ቀለለኝ። ይቅር ብየሃለሁ። ለሱም ነፍሱን ይማር በልልኝ።»

«ነፍሳቸውን ይማር» አልሁ። ጋሼም ከበሩ ላይ «አሚን» አሉ።

የሟች ወንድም ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቁኝ አልነበሩም። ሳይስቁ ብድግ ብለው ወደ ተቀመጠው ሕዝብ ዞሩ። «ሳይክል ያላችሁ ስሙ! ፍሬኑ ደህና ነበር። የተበላሸው ልጁ ነው!» ዳሱ በሳቅ ሞላ። መምህሩ ጥግ ላይ አቀርቅሮ ሲያፍር አየሁት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ፤ የኋላ ጎማው የላላ ሳይክሉን እየገፋም ተመለሰ። ጋሼ ከዳሱ ውጭ፣ ፀሐዩ ላይ ተቀመጡ፤ ቦርሳቸውንም ከፈቱ። ያ ቀን ጥር 13 ነበር።