ሳይለያዩ የቀሩት ክሮች

የተያዝኩት ነገሌ ውስጥ፣ ባዮሎጂ እያስተማርኩ ነው። ሁለት ሰዎች ከክፍሉ በር ላይ ጠሩኝ፤ ጠመኔውን እንኳ ሳላስቀምጥ ወጣሁ። ከማን ጋር እንደምሰበሰብ ጠየቁኝ። መልስ ሲያጡ ጣሪያው ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ክፍል አስገቡኝ። ሙቀቱና የሽንት ባልዲው ሽታ አንድ ላይ ተቀበሉኝ።

ጠጋ ብለው ቦታ የለቀቁልኝ አንድ የቦረና ሽማግሌ ነበሩ። «ታጣቂ አብልተዋል» ተብለው ነው የታሰሩት። «ባርሲሳ» ይሉኝ ጀመር፤ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው።

አንድ ከሰዓት፣ ስያዝ ምን እያስተማርኩ እንደነበር ጠየቁኝ። ሕዋስ እንዴት እንደሚከፈል አልኳቸው። ክሮሞዞም የሚባለውን ለማሳየት ከብርድ ልብሴ ሁለት ክር መዝዤ ክሮቹን መሃል ለመሃል አንድ ላይ አሰርኳቸው።

«ሕዋሱ ከመከፈሉ በፊት እያንዳንዱ ክር መንታውን ይሠራል። መንታዎቹ እንዲህ ተያይዘው ይቆያሉ። ጊዜው ሲደርስ ማሰሪያው ይፈታል፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ይሳባል።»

«ሳይለያዩ ቢቀሩስ?»

«ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ይሄዳሉ። የእናት እንቁላል ወይም የአባት ዘር ሲሠራ እንዲህ ከሆነ፣ ልጁ ትርፍ ክር ይዞ ሊወለድ ይችላል። ፊቱ ለየት ይላል፤ አፉን ለመፍታትም ይዘገያል።»

ክሩን ከእጄ ወስደው ብዙ አገላበጡት።

«ልጄ እንዲህ ናት» አሉ። «ዘመዶቼ ከእናቷ ወገን የመጣ እርግማን ነው አሉ። አመንኩ። ሚስቴን ከነልጇ ወደ እናቷ ቤት መለስኳት።»

«እርግማን አይደለም፣ አባቴ። ማንም ያጠፋው ነገር የለም።»

«እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» አሉኝ። በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም።

ያቺ የመለሷት ሴት ናት ወተት የምታመላልስላቸው። ሌላ ጠያቂ አልነበራቸውም።

ወደ ያቤሎ ሊያዛውሯቸው በጠሯቸው ጠዋት ግቢው ውስጥ ነበርን። እሷ በሩ ላይ ቆማለች። ፖሊሱ ቶሎ እንዲሳፈሩ አዘዘ። እሳቸው ጥምጣማቸውን አስተካክለው ወደ እሷ ዞሩ።

ጠያቂው ሁሉ እየሰማ፣ በኦሮምኛ፣ «ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም። በድዬሻለሁ» አሏት።

ከዚያ ማንም ሳይገፋቸው መኪናው ላይ ወጡ። ከያቤሎ አልተመለሱም።

ከተፈታሁ በኋላ ሴትዮዋን ገበያ አገኘኋት። ልጇ አድጋ ከጎኗ ወተት ትሸጣለች። ሽማግሌው ያሉትን አነሳሁላት።

«ሰምቼዋለሁ» አለች። «እናቴ ግን በደማችን እርግማን አለ ብላ እያለቀሰች ሞተች። ምነው እሷ በሕይወት እያለች ብሎት ቢሆን ኖሮ።»



ዛሬም ያንን ምዕራፍ አስተምራለሁ። ክሮቹ ሳይለያዩ ሲቀሩ የሚሆነውን ስጨርስ፣ ተማሪዎቼን ቤታችሁ ስትገቡ ይህን ለእናቶቻችሁ ንገሩ እላቸዋለሁ።