ግራ ዓይኑን የደበቀው ቦክሰኛ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አንድ የአዛውንቶች ነርሲንግ ሆም ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ ቦክሰኛ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። ጋናዊ ነው፤ ረጅም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ። እኔ ሃምሳን አልፌያለሁ። አዛውንቶቹን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሲያሻግር አንዳቸውም አያቃስቱም። እኔን «እህቴ» ይለኛል። ምሳ የምንበላው አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ብዙም አናወራም።

ያን ጊዜ ልጄ አግብታ በርክ የሚባል ከተማ ገብታ ነበር። እሑድ እሑድ ትደውላለች። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ ከዚያ «ላቭ ዩ ማሚ» ብላ ትዘጋለች። ታኮማ ፓርክ ያለው አፓርታማዬ ውስጥ የገዛ ድምፄን የምሰማው ያኔ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን በግራው በኩል ቆሜ ፎጣ ባቀብለው አላየኝም። ትከሻውን ነካ ሳደርገው ደንግጦ ሁለት እጁን ወደ ፊቱ አነሣ፤ ጡጫውን ጨብጦ። ወዲያው አፈረና እጁን አወረደ።

«ግራ ዓይንህ አያይም እንዴ?» አልኩት።

«ያያል። ትንሽ ጭጋግ አለው። እባክሽ ለማንም እንዳትነግሪ።»

ምሳ ላይ ሁሉንም ነገረኝ። ያደገው አክራ፣ ባሕር ዳር ባለ ሰፈር ነው፤ እዚያ መራመድ የቻለ ሁሉ ይቦክሳል። በሃያ ሁለት ዓመቱ የአገሩን የሻምፒዮንነት ቀበቶ ወሰደ፣ ቀጥሎ የምዕራብ አፍሪካን። የሰፈሩ ሰው በትከሻው ተሸክሞ አዞረው። ከዚያ አንድ ማናጀር አሜሪካ አመጣው። የተባለው ትልቅ ግጥሚያ ሦስቴ ካንስል ሆነ፤ ማናጀሩም ስልክ ማንሣት ተወ። ከዚያ ወዲያ የሚደወልለት፣ ስም ማውጣት ለጀመረ ወጣት የሚሸነፍ ሰው ሲፈለግ ነው። ፖስተሩ ላይ ፎቶው አይወጣም።

«ታዲያ ለምን ትሄዳለህ?»

ሹካውን አስቀምጦ አሰበ። «እዚያ ስሜን ከነአባቴ በማይክ ይጠሩታል። እዚህ አገር ሌላ የሚጠራው ቦታ የለም» አለኝ።

ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ የሆቴል አዳራሽ ግጥሚያ ነበረው። «ሁልጊዜ ሁለት ትኬት ይሰጡኛል፤ የምሰጠው ሰው ግን የለኝም። መጥተሽ ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አለኝ። በሜትሮ ሄድኩ። የመጀመሪያው ግጥሚያ የእሱ ስለነበር ፀሐይ እንኳ ገና አልገባችም፤ ወንበሩ አብዛኛው ባዶ ነው፣ ሰው ቢራ ለመግዛት ተሰልፏል። አረንጓዴ ካባ ለብሶ ወጣ። ስሙን ሲጠሩት ቀና አለ። አጠራሩ ተበላሽቶ ነበር፤ እሱ ግን ፈገግ አለ።

ተጋጣሚው ወጣት ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ሁለት ረድፍ ይዞ ይጮኻል። ሁለተኛው ዙር ላይ የወጣቱ አሠልጣኝ «በቀኝህ! በቀኝህ!» ማለት ጀመረ። የጓደኛዬ ግራ ዓይን ደካማ መሆኑ ገብቶታል። ቡጢው ሁሉ በማያይበት በኩል መጣ፤ እሱም ካረፈበት በኋላ ነበር የሚዞረው። ተነሥቼ አስቁሙት ልል ፈለግሁ። ግን ለማን? ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። ስድስቱን ዙር ጨረሰ፤ የወጣቱን እጅ አነሡለት።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስደርስ ብቻውን በረዶ ፊቱ ላይ ይዞ ተቀምጧል። የዚያን ቀን የተቀጠረለት ረዳት ወደ ሌላ ቦክሰኛ ሄዷል። የእጁን ፋሻ እኔ ፈታሁለት።

«አየሽ? አልወደቅሁም» አለኝ።

«አየሁ።»

ከወር በኋላ ደስ ብሎት መጣ። ከፔንሲልቫኒያ ለግጥሚያ ኮል አድርገውለታል፤ ስምንት ዙር ነው። እንጀራዬን ገፋ አድርጌ «ከሄድክ፣ የቦክስ ፈቃድ ለሚሰጠው ኮሚሽን ሐኪም እኔ ራሴ እደውላለሁ» አልኩት።

«አንቺን አምኜ እኮ ነው የነገርኩሽ!»

«አውቃለሁ።»

ምግቡን አንሥቶ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ። ፔንሲልቫኒያ አልሄደም፤ የእኔም ጠረጴዛ አልተመለሰም። ጠዋት «ጉድ ሞርኒንግ» ይላል፣ በቃ። ለሁለት ወር ያህል ፊት ለፊት ተቀምጠን ለየብቻ በላን። አንድ ሰኞ ሥራ ስገባ ሱፐርቫይዘሯ እሱ ሥራ ለቅቆ ኒው ጀርሲ፣ የአጎቱ ልጅ ዘንድ መሄዱን ነገረችኝ። አልተሰናበተኝም። በየቀኑ፣ ያደረግሁት ትክክል ነው እያልኩ ራሴን አሳምናለሁ፤ ምሳዬን ግን መኪና ማቆሚያው ጋ ባለው አግዳሚ ላይ መብላት ጀመርኩ።

ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ አንድ እሑድ ልጄ ከዘጋች በኋላ ስልኩ እንደገና ጠራ። እሱ ነው።

ዓይኑን ኦፕሬሽን አድርገውታል። ሐኪሙ፣ አንድ ጠንካራ ቡጢ ቢጨመርበት ጨርሶ ይጠፋ ነበር ብሎታል። አሁን በግራው ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለያል። አውቶቡሶች የሚያድሩበት ግቢ ውስጥ ሥራ ይዟል። ከአሌክሳንድሪያው ወዲህ አልተጋጠመም፤ የሚደውልለትም የለም።

«አሁንም ተቀይመኸኛል?» አልኩት።

«አዎ» አለ።

ምን እያበሰልሽ ነው አለኝ፤ ምስር አልኩት። እሱ ሩዝ ጥዷል። ሁለታችንም ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን ማብሰላችንን ቀጠልን። የእሱ ቧንቧ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኛል። ብዙም አላወራንም። ሩዙ ሲደርስ «በይ፣ ልብላ» ብሎ ዘጋ።