ወተት የሚወጣው እንጨት

ከአዳማ የወጣሁበት ዕለት አመሻሽ ላይ እናቴ አላለቀሰችም። ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ከፍታ ሦስት ጊዜ ዘጋችው፤ በአራተኛው አንድ እስር መፋቂያ ከፎጣው ሥር ወሸቀች። ሃያ ፍሬ፣ ምርጥ ምርጡን ወይራ። "እዚያ አገር ብሩሽ ብቻ ነው አሉ" አለችኝ፣ ብሩሽን እንደ በሽታ እየጠራችው። እናቴ መናኸሪያው በር ላይ መፋቂያ ነው የምትሸጠው። አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት በእንጨት ነው ብል ውሸት የለበትም። ባለ ታክሲው "እማማ፣ አውሮፕላን እኮ ሰው አይጠብቅም" እያለ ሲነጫነጭ እሷ አሁንም የሻንጣውን ዚፕ እየጎተተች ነበር።

ሜልቦርን ስደርስ፣ ወንድሜ በስልክ "የያዝሽውን ሁሉ ተናገሪ፣ አንዲት ነገር እንዳትደብቂ" ስላለኝ የጉምሩኩ ካርድ ላይ ሁሉንም "የስ" አልኩ። ጓንት ያጠለቀ ሰውዬ እስሩን አነሳው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የጥርስ ብሩሽ።"

"እንጨት ነው።"

"አዎ፣ የእንጨት ብሩሽ።"

"ሃያ?"

"እናቴ ናት" አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

ውስጡ ነፍሳት ሊኖሩ ይችላሉ አለኝ። የእናቴ እንጨት ውስጥ! ነቀዝ የነካውን ለደንበኛ ከምትሰጥ ጦሟን ታድራለች፤ ይሄንን በአስራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ፣ "ሶሪ" አለኝ፣ ቢጫ ቢን፣ የቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመረው። እኛ አገር ጉምሩኩ ይቆጣሻል፣ አንቺም ትቆጪዋለሽ፣ ይወጣልሻል። እዚህ ፈገግ ብለው ነው የሚቀሙሽ፤ ንዴቱን ይዘሽው ትገቢያለሽ።

ብሬብሩክ የሚባል ሰፈር ወንድሜ ቤት ገባሁ፣ ካሮት ማሸጊያ ሥራ አገኘሁ። ካሮቱ ሁሉ እኩል ነው፣ ቀኑም እንደ ካሮቱ። እኔ ደግሞ ቁጭ ማለት አልችልም፤ ልጅ ሆኜም እናቴ "እግርሽ ውስጥ ምን አለ?" ትለኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የተዋወቅኋቸው እትዬ በላይነሽ "ሐኪሙ ለስኳርሽ ተራመጂ ብሎኛል፣ ብቻዬን ግን ይደብረኛል" ሲሉኝ፣ በየቅዳሜው ወንዝ ዳር አብረን መሄድ ጀመርን። እትዬ ኖርዝ ሜልቦርን፣ የመንግሥት ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። በሱዳን በኩል ከመጡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ ስለሚመልሱላቸው፣ የሳምንቱን አማርኛ አጠራቅመው እኔ ላይ ያወርዱታል።

በእኛ ሚያዝያ እዚህ ቅጠል ይቀላል። መንገዳችን ላይ የአንድ አሮጌ ቤት አጥር ዘሎ የወጣ ዛፍ ነበር፤ ሌላው ዛፍ ገና ሲያመነታ እሱ እንደ ፍም ቀልቶ። ቅርንጫፉ ቀጥ ያለ፣ ውፍረቱ ልክ የሌባ ጣት። እጄ ከእኔ ቀድሞ ነው የቀጠፈው። ልጬ፣ ጫፉን አኝኬ፣ እየሄድኩ ፋቅሁ። ካንጋሮ ያየች ቱሪስት እንኳን እንደዚያ አትደሰትም። በሚቀጥለው ቅዳሜም ደገምኩ። በሦስተኛው እኔም ፋቅሁ፣ ለእትዬም አንድ ቀጥ ያለ መርጬ፣ ራሴ ልጬ፣ በሶፍት ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ቆሙ።

"ይሄን ነገር ካየሁ..." አሉና ዓመቱን ሳይቆጥሩት ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

እንጨቱን ስቆርጠው ነጭ ነገር ወጥቶት ነበር። አይቻለሁ። ጣቴ ላይ ደርቆ ጠቁሮም አይቻለሁ። እናቴ ገና በስምንት ዓመቴ ያስተማረችኝ የመጀመሪያ ነገር "ወተት የሚወጣው እንጨት አፍ ውስጥ አይገባም" የሚል ነው። ግን የሰው አገር ዛፍ ነው ብዬ ነው መሰለኝ፣ የእናቴ ትምህርት እዚህ የሚሠራ አልመሰለኝም።

ሰኞ ጠዋት ከንፈሬ አብጦ ከአፍንጫዬ ቀድሞ ነቃ። አገጬ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ፣ ጣቶቼ መሃል ያው፣ አንዱ ዓይኔ ተከድኗል። የሚያሳክከው ነገር! ሳማ ታውቃላችሁ? ሳማ ይለበልባችሁና ይተዋችኋል። ይሄ አይተውም። ወንድሜ አይቶኝ "ከማን ጋር ተጣላሽ?" አለኝ። ጂፒ፣ የሰፈሩን ሐኪም፣ ቡክ አደረግሁ።

"ምን በላሽ?" አለችኝ ሐኪሟ።

"ምንም። እንጨት ነው።"

"እንጨት በላሽ?"

"አልበላሁም። ፋቅሁበት። ጥርሴን።"

"ቤት ውስጥ ብሩሽ የለሽም?"

"ሁለት አለኝ።"

ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈችው። ከዚያ በስልኬ ያነሳሁትን ቀይ ዛፍ ሳሳያት "ረስ ትሪ!" አለች። ሰው ለቅጠሉ ውበት ብሎ ግቢው የተከለው፣ ወተቱ ግን ቆዳ የሚያቃጥል ዛፍ ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ቅዳሜ ሰውነቴ ዝም ያለው ወተቱን እየተማረው ስለነበር ነው፣ በሦስተኛው ተቆጣ አለችኝ። ኪኒንና ቅባት ጻፈችልኝ፣ ልብሱንም የላጥሽበትን ቢላም በሳሙና እጠቢ አለችኝ። በር ላይ ስደርስ "ሌላ የነካው ሰው አለ?" አለችኝ።

 ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ስኳር ያለባቸው ሴትዮ አፍ ውስጥ መርዝ ከተትኩ። በሶፍት ጠቅልዬ፣ ስጦታ ብዬ!

ደወልኩ፣ አያነሱም። ደግሜ ደወልኩ። አውቶቡሱ ውስጥ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ እየደወልኩ፣ እየጸለይኩ፣ እያከክሁ ሄድኩ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቦታ ቀየረች፤ አልፈረድኩባትም። በሩን ደበደብኩት። እትዬ ከፈቱና ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

"ማን ልበል?"

"እኔ ነኝ እትዬ! ስልክ ለምን አያነሱም?"

"ቻርጅ ላይ ነው። አንቺ... በስመ አብ! ማነው እንዲህ ያደረገሽ?"

"መፋቂያው ነው! አፍዎን ያሳዩኝ! ፋቁበት?"

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ግድግዳውን ይዘው ሳቁ። አፋቸውን ከፈቱ፣ በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጉና የላዩን ጥርስ በሙሉ አውጥተው መዳፋቸው ላይ አሳዩኝ።

"የቱን ልፋቅበት ልጄ?"

ሳቅሁ፣ ከንፈሬ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ አለቀስኩ፤ ሁሉም ባንድ ላይ። እንጨቱ ሥዕለ ማርያም አጠገብ፣ ከነሶፍቱ፣ ሳይፈታ ተቀምጧል። ማታ ማታ ሲጸልዩ አይተውት ይተኛሉ። በሁለት ፌስታል ይዤ ጠቀለልኩትና ቢን ውስጥ ልጨምረው ስል፣ እጄን ሳይሆን ፌስታሉን እያዩ "አይ" አሉ፣ ቀስ ብለው። "ሰው እኮ እንዲህ አስቦልኝ ሲሰጠኝ ደስ ብሎኝ ነው።" እኔም ቢጫውን ቢን አስታወስኩ። እንደ ጉምሩኩ ሰውዬ "ሶሪ" አልኩና ጨመርኩት።

በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ፊቴ ላይ አደረጉልኝ። ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት፣ በቪዲዮ። ሁለት ጊዜ ዘጋሁት።

"አንሺያ!" አሉ እትዬ።

"በእንጨት አሳድጋኝ በእንጨት ተመረዝኩ ልበላት?"

"ዝም ካልሻት ግን የባሰውን ነው የምታስበው። እኔ ልጆቼ ዝም ሲሉኝ ምን እንደማስብ ልንገርሽ?"

አነሳሁት። እዚህ ሊመሽ ነው፣ እዚያ ረፋድ፤ ከኋላዋ ረዳቱ "አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ" እያለ ይጮሃል። እናቴ ፊቴን አየች። አልጮኸችም። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ እንጨት እንደምትመርጠው አገላብጣ አየችኝ።

"ወተት ነበረው?"

"ነበረው።"

 አንድ ደንበኛ ዋጋ ጠየቃት፤ መልስ አላገኘም፤ ሄደ።

"አፍሽን ክፈቺ እስቲ።"

ከፈትኩ።

"ጥርስሽ ደህና ነው" አለች፣ ድምጿ ግን እንደ ጥርሴ ደህና አልነበረም። አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገችና ስልኩን ወደ መሬት አዞረችው። ማዳበሪያው ላይ በየዓይነቱ ተደርድሯል፤ ወይራው፣ ክትክታው፣ አንዳንዱ ቅጠሉ እንኳን ያልረገፈ።

"የቱን ላስቀምጥልሽ?"

"እማ፣ እዚህ አያስገቡትም። ሰውየው ይጥለዋል።"

"አውቃለሁ፣ ነግረሽኛል። የቱን ላስቀምጥልሽ?"

"ወይራውን" አልኳት።

ቀጥ ቀጥ ያሉትን ለቀመች። ሃያ እስኪሞላ ጮክ ብላ ቆጠረች፣ በክር አሰረችው፣ ከገበያው ለይታ ከጉልበቷ ሥር ሸጎጠችው።