ሊቀመንበሩ የተበላ ዕለት

ሥራ የጀመርሁ ዕለት የተሰጠኝ ቁልፍ በሩን አይከፍትም ነበር። ቁልፉን የሰጠኝ የወገዳ ቀበሌ ወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር ጓድ ምንይችል ነው። ተመልሼ ብነግረው ከወረቀቱ ቀና ሳይል “በሩን በጉልበትህ ከፍ እያደረግህ አዙረው” አለኝ። እንዳለው ሳደርግ ተከፈተ። በማግስቱ ማጠፊያውን ነቅዬ ከሥሩ ቁራጭ ቆዳ አስገባሁና አስተካከልሁት። ከዚያ ወዲያ በእጅ ይከፈት ጀመር።

ሹመቴ “የመዝናኛ ክፍል ተጠሪ” ይባላል። ከጸሐፊው በታች፣ ከዘበኛው በላይ ነው። ሰዉ ግን “ባለቆርኪው” ይለኝ ነበር። በአዳራሹ ውስጥ አንድ እግሩ ያጠረ የቴኒስ ጠረጴዛ ነበር፤ መረቡ በሲባጎ የተቀጣጠለ። የሚነካው አልነበረም። ሰው ከሥራ በኋላ የሚመጣው ለዳማ ነው።

ዳማ አስተማሪ የለውም፤ ቆሞ በማየት ይለመዳል። እኔም የተማርሁት እንደዚያው ነው። ሰሌዳዎቹን ከሣጥን ጣውላ ሠራሁ፤ ጥቁሩን ቤት ያቀለምሁት በአሮጌ ባትሪ ድንጋይ ዱቄት ነው። የቆርኪዎቹን ጥርስ ሰሌዳውን እንዳይፍቅ በመዶሻ አጎነበስሁት። አንዱ ተጫዋች ቆርኪውን በፊቱ፣ ሌላው በጀርባው ያሰልፋል። ቆርኪ ከወዲያኛው ጫፍ ሲደርስ ሌላ ቆርኪ ይደረብለታል። ያን ጊዜ “ነገሠ” ይባላል፤ ወደፊትም ወደ ኋላም እንደ ልቡ ይሄዳል።

የዳማ ክፉው ነገር ተመልካቹ ነው። ሁለት ሰው ይጫወታል፤ ዙሪያውን የከበበው ሁሉ ይሳደባል። “ይህችን ሳታይ ነው ከቤትህ የወጣኸው?” ይላል አንዱ። “ተወው፣ እሱ የሚያውቀው ጎመን መትከል ነው” ይላል ሌላው። አንድ ቀን ለገበያ የመጣ ገበሬ ቆም ብሎ ሲያይ ቆየና እንጫወት አለ። እጁ ጥሩ ነበር። አንዲት ቆርኪ በስህተት ሲሰጥ አዳራሹ በሙሉ ሳቀበት፤ አንዱማ በሬዎቹ ሳይሻሉት አይቀርም አለ። ገበሬው ዱላውን አነሣና ወጣ። ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን በበራችን ሲያልፍ አየዋለሁ፤ ዞሮ አያይም።

የተሳዳቢዎቹ አለቃ ባለሱቁ ደሴ ነበር። የወገዳን ሰው ሁሉ ያሸንፋል፤ ካሸነፈ በኋላ ደግሞ የተሸናፊውን አባትና እናት ሳይጠራ አይነሣም።

ስንዱ የመጣችው ያኔ ነው። በጤና ጣቢያው ጤና ረዳት ሆና ተመድባ ነበርና ሁሉም “ሲስተር” ይላታል። ወደ አዳራሹ ገብታ ደሴ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

“ሲስተር፣ ይኸ እኮ መርፌ መውጋት አይደለም” አላት ደሴ።

“አይደለም፤ መርፌ ሲወጋ ሰው ዝም ይላል” አለች።

አሸነፈችው። ደግማም አሸነፈችው። ደሴ ተመልካቹን “ሴት ናት ብዬ ለቀቅሁላት” አለ። እሷ ቆርኪዎቹን ቀስ ብላ ወደ ኋላ መለሰችና ጨዋታው ከተበላሸበት ቦታ ላይ አቆመቻቸው። “እዚህ ጋ ለመንገሥ ስትቸኩል የኋላውን ቤት ባዶ ተውኸው። ይህችን ባታንቀሳቅሳት ኖሮ እኔ መግቢያ አልነበረኝም” አለችው። ደሴ ወደ ሰሌዳው ጎንበስ አለ። ስድብ አፉ ላይ መጥቶ ሲመለስ አይቻለሁ። “እውነት ነው” አለ በመጨረሻ።

ይህን ሥርዓት አደረግሁት። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ቆርኪው ወደ ስህተቱ ቦታ ይመለሳል። መጀመሪያ የሚናገር ተሸናፊው ነው፤ የት እንደሳተ ራሱ ይፈልጋል። ካላገኘው አሸናፊው ያሳየዋል። ተመልካች መናገር ከፈለገ በጣቱ ቆርኪ መንካት አለበት፤ ቆርኪ ሳይነካ የሚናገር ከአዳራሹ ይወጣል። ስሙን “ማቃናት” አልነው።

መጀመሪያ ሳቁብኝ። “ባለቆርኪው ትምህርት ቤት ከፈተ” አሉ። ደሴን ራሱን ሁለት ጊዜ ከአዳራሹ አስወጥቼዋለሁ። ክረምቱ ሳይወጣ ግን ነገሩ ተለመደ። ጣትን ቆርኪ ላይ አድርጎ የሰው እናት መሳደብ አይመችም። መምህራን መጡ፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ መጣ። ደሴ አንድ ምሽት ለተሸናፊው “አጀማመርህ ጥሩ ነበር” ሲል ሰማሁት፤ ከዚያም የሰማው እንዳለ ዘወር ብሎ አየ።

ጓድ ምንይችል ከደብረ ታቦር ከሥልጠና የተመለሰው በዚያው ሰሞን ነው። አዳራሹ ጥግ ቆሞ ማቃናቱን አየና ደስ አለው። “ይኸማ ሂስና ግለ ሂስ ነው! ሳታውቁት ነው የምትሠሩት” አለ። ሳይደራጅ መቅረት የለበትም አለ። ከዚያ ወዲያ ማቃናቱ ከየጨዋታው በኋላ መሆኑ ቀረና ቅዳሜ ቅዳሜ በስብሰባ ሆነ። የሚታረመው ሰው መሐል ይቆማል፤ የተቀረው ተቀምጦ እጁን እያወጣ ይናገራል። ሰሌዳዎቹ ቦታ እንዳይዙ ግድግዳ ላይ ተደግፈው ይቆያሉ።

ቢሮው ሄጄ ነገርሁት። “ጓድ ሊቀመንበር፣ ማቃናት ሰሌዳው ሳይኖር አይሆንም። ያለ ሰሌዳ የሚታረመው ሰውዬው ሆነ” አልሁት።

“ሰሌዳ ሂስ አይቀበልም። ሂስ የሚቀበል ሰው ነው” አለኝ።

ወጣሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ስለ ጨዋታ የተናገረ ሰው አልነበረም። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ግለኛ ነው ተባለ። አንዱ መምህር ሲሸነፍ ፊቱን ያጠቁራል፤ ይህም የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ነው ተባለ። ስድቡ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ቃሉ ከሬዲዮ የተወሰደ ነው፤ አጸያፊ ስላልሆነ ማንንም ማስወጣት አልችልም።

ቀጥሎ የመጣው “ንጉሥ” የሚለው ቃል ነው። አንዱ ተነሥቶ፣ በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቱ ማታ ማታ “ነገሥሁ፣ ነገሥሁ” እያለ ይጮኻል፤ ይኸ እንዴት ይታያል አለ። ጓድ ምንይችል አሰበበትና ቃሉ እንዲቀር አዘዘ። ታዲያ ጫፍ የደረሰው ቆርኪ ማን ይባል? ብዙ ሐሳብ ቀረበ። በመጨረሻ ራሱ “ሊቀመንበር ይባል። ከሥር ተነሥቶ በትግል ጫፍ የደረሰ ነውና” አለ። ተጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጠችው ስንዱ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አሰረች። ጫማዋ ማሰሪያ አልነበረውም።

የአውራጃው ውድድር ነፋስ መውጫ ላይ ሊሆን ነበር። ከወገዳ አንድ ሰው ይሄዳል። ስንዱ ይህን ውድድር ትፈልገው ነበር። ከአርብ ገበያ አቶ ዋሴ የሚባሉ አናጺ እንደሚመጡ፣ እሳቸውን ያሸነፈ ሰው እንዳልታየ ሰምታለች። በምሳ ሰዓት ለብቻዋ ሰሌዳ ይዛ ትቀመጥ ነበር። “ከሳቸው ጋር አንድ ጨዋታ ብቻ። ብሸነፍም የት እንደሳትሁ ይነግሩኛል” ትለኝ ነበር።

ማጣሪያው ከደሴ ጋር ደረሳት። የዳኝነቱ ደንብ፣ የተደረበ ቆርኪ የበላ ሰው ዳኛው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ መናገር አለበት የሚል ነው። ደሴ ቶሎ ጫፍ ደረሰና አስደረበ። እንደ ልማዱ የኋላውን ቤት ባዶ ትቶት ነበር። ስንዱ አንድ ቆርኪ ሰጠችው፤ በዳማ የተሰጠን መብላት ግዴታ ነውና ሳይወድ በላ። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

“ሊቀመንበሩን በላሁት” አለች።

አንድ ሰው ከኋላ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እኔ ወደ በሩ አየሁ። ጓድ ምንይችል ቆሞ ነበር።

ቅዳሜ ስንዱን መሐል አቆሟት። መጀመሪያ የተናገረው ደሴ ነው። ስለ ጨዋታው አንድ ቃል አልተናገረም። ትዕቢት አለባት አለ፤ ሰፊውን ሕዝብ ትንቃለች አለ፤ አመራርን መሳለቂያ አደረገች አለ። የተማረውን ቃል አንድም ሳያስቀር ተናገረ። እጄን አውጥቼ ቃሉን ያወጣው ስብሰባው መሆኑን፣ ጮክ ብሎ መናገርም የዳኛው ደንብ መሆኑን ተናገርሁ። ጓድ ምንይችል ተጠሪ በሥነ ሥርዓት ጉዳይ ካልሆነ በቀር አይናገርም ብሎ አስቀመጠኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

“ግለ ሂስሽን አቅርቢ።”

“ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። የበላሁትም ቆርኪ ነው።”

“አላጠፋሁም ነው የምትዪው?”

“ሰሌዳው ይምጣና የሳትሁት ካለ አሳዩኝ። እቀበላለሁ።”

ሰሌዳው አልመጣም። ደሴ ወገዳን ወክሎ እንዲሄድ ተወሰነ።

ሰኞ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። የቁስል ፋሻ እየጠቀለለች ነበር። ሰሌዳ ይዤ ልምጣ፣ እዚህ እንጫወት አልኋት። በእንቢታ ራሷን ነቀነቀች። “ጨዋታውን አልጠላሁትም፣ ይርጋ። መሐል መቆሙን ነው የጠላሁት” አለች። ብዙም ሳትቆይ ወደ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ተዛወረች። እዚያ ዳማ ትጫወት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ነፋስ መውጫ ከደሴ ጋር የሄድሁ እኔ ነኝ፤ ሰሌዳ ተሸክሜ። ዕጣው ከአቶ ዋሴ ጋር አገናኘው። ቸኮለ፤ የኋላውን ቤት ባዶ ተወው። ያን ሁሉ ቅዳሜ ስለ ጠባዩ ብዙ ተነግሮታል፤ ስለዚያ ባዶ ቤት ግን ከስንዱ በኋላ የነገረው አልነበረም። አዛውንቱ ሳይደክሙ በሉት።

ከዚያ አቶ ዋሴ መነጽራቸውን አስተካከሉና ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ይመልሱ ጀመር። ማቃናት የሚለውን ስም አያውቁትም፤ ሥራው ግን ያው ነበር። “እዚህ ጋ እኮ...” አሉ።

ደሴ ከመቀመጫው ተነሣ። እጁን ወደ ጎኑ ሰብስቦ ቀጥ ብሎ ቆመ። “ድክመቴን እቀበላለሁ። ግለኝነት ይታይብኛል። ንቃት ይጎድለኛል...” ማለት ጀመረ።

አቶ ዋሴ ቆርኪዋን እንደያዙ ቀና ብለው አዩት። ምን እንደሚል አልገባቸውም።

“ተቀመጥ እንጂ ልጄ” አሉት። “ስለ አንተ መቼ ተናገርሁ? ስለዚች ስለ ቆርኪ ነው የምልህ።”

አልተቀመጠም። መቀመጥ ያቃተው ይመስል ነበር።

ያን ሥራ ሥርዓቱ እስኪለወጥ ድረስ ሠራሁት። አዳራሹ ዛሬ የእህል መጋዘን ነው። የጨዋታ ቤት ለምትይዙ የምነግራችሁ ይህን ብቻ ነው፦ የተሸነፈን ሰው ማረም ከፈለጋችሁ ሰሌዳው ፊታችሁ ይሁን፤ ጣታችሁም ቆርኪው ላይ ይሁን። ሰሌዳው ከተነሣ ዝም በሉ።