ያሸነፈ ብቻ የሚያየው ስም

ከድሮ የቴሌቪዥን ጌም ውስጥ ዜማ አውጥተው፣ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እንደገና ሠርተው አልበም አሉት። ይህን ደግሞ «ስሙ፣ ሳትሰሙ እንዳትሞቱ» እያሉ የሚመክሩ ሰዎች አሉ። እኔ ይህን ያወቅሁት በልጅ ልጄ በኩል ነው። ባሕር ዳር ጥግ ዘንዘልማ በሚባል ሰፈር አብራኝ ትኖራለች፤ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። አባቷ፣ ማለት ልጄ፣ ቆላ ድባ ከተማ እህል ይነግዳል።

በረንዳው ላይ ተቀምጣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ አንገቷን ስትወዘውዝ ባየሁ ጊዜ ምን ሆነሽ ነው አልኋት።

«ሪሚክስ ነው እማማ። በስልክ ቻናል አለኝ፤ ጥሩ ጥሩውን አልበም ለሰው እመክራለሁ።»

«ሰው ምክር አጥቶ?»

«አንቺ ደግሞ! እስቲ መጀመሪያ ስሚው።»

ሰማሁት። መስማት አልፈራም። የመጀመሪያው አልበም፣ እሷ እንደምትለው፣ «ወደ ሌላ ዓለም የሚወስድ» ነበር። አንዱን ዜማ ከመጀመሪያው እስከ ፍጻሜው ጎትተው ጎትተው አዘግይተውታል፤ ከጀርባው የዝናብ ድምፅ ጨምረውበታል። ሐምሌ ነበር። ከራሳችን በላይ ያለው ቆርቆሮ በእውነተኛው ዝናብ እየተደበደበ ነው። ባሕር ዳር ላይ በሐምሌ ቁጭ ብሎ ዝናብ በማዳመጫ የሚሰማ ፍጥረት አየሁ። እኔ ደግሞ ወደ ሌላ ዓለም መሄዱ ቀርቶ ከተቀመጥሁበት ዱካ አልተነቃነቅሁም።

ሁለተኛው ከበሮ ብቻ ነው። ወፍጮ ቤት ገብቶ ተራ የጠበቀ ሰው ያን አልበም ሰምቶታል፤ ደግሞ መስማት አያስፈልገውም። ሦስተኛው ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ደህና ነበር። ዜማውን እንዳለ ትቶ ከሥሩ አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻ አስተኝቶለታል። የሚያውቀውን ያህል ሠርቶ እጁን የሰበሰበ ሰው ሥራ ነው። ይህን መክሪ አልኋት።

«ይሄኛው ብዙ ሰው አልወደደውም» አለችኝ።

ስለዚህ ምክር የሚሉት ነገር ሰው የወደደውን መልሶ ለሰው መንገር ነው ማለት ነው።

አንድ ቀን ግን ምንም ሳትናገር ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። ዜማው ሲጀምር ደነገጥሁ። አውቀዋለሁ። ልጄ ተማሪ ሳለ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም፣ ቢጫ ካሴት የሚጎርስ ጌም ነበረው። ሰይፍ የያዘች አንዲት ትንሽ ሰው ጣራ ለጣራ ትዘላለች፤ ትወድቃለች፤ እንደገና ትጀምራለች። በጀመረች ቁጥር ያ ዜማ አብሯት ይጀምራል። ቤቴ ውስጥ ስንት ዓመት ተቀምጦ አንድ ቀን እንኳ ያልታዘዘኝ ዜማ ነው። ልጄ ዛሬም ኩንታል ሲያስጭን ያፏጨዋል፤ እሱ ግን እያፏጨ መሆኑን አያውቅም።

ከበሮ ተጨምሮበታል፤ መሐሉ ላይ ክራር የሚመስል ድምፅ ገብቶበታል። አጭር ነው። ሲያልቅ ቀና ብዬ አየኋት።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች። «አባዬ የሚያፏጨው ነው።»

«አልጠላሁትም» አልኋት። ከእኔ አፍ ይህ መውጣቱ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ ቀኑን ሙሉ ስትዘፍን ዋለች።

አሁን ወደ አንድ ጎረምሳ ልጅ ልምጣ። በዚህ ጽሑፍ ስም አልጠራም፤ የእሱን ደብቄ የሌላውን ብጠራ አድልዎ ይሆንብኛልና የማንንም አልጠራም፤ የራሴንም። ልጁ ከእሷ የሚበልጥ ቻናል አለው። ከተማው ውስጥ ሪሚክስ የሚሰማ ወጣት ሁሉ እሱ «ስሙ» ያለውን ይሰማል። የመሥሪያ ቤት ሰዎች ልጅ ነው፤ አነጋገሩ የለዘበ ነው። ቤቴ መጥቶ ሽሮዬን በልቷል፤ «እማማ እጅዎ ይባረክ» ብሎኛል። ሥራዋን ሰምቶ «ይሄንን ለሰው እመክርልሻለሁ» አላትና ወሰደው።

ከዚያ አልበም አወጣ። የራሱ ስም ከላይ፣ ከሥሩ «እና ቡድኑ» የሚል። የእሷ ሥራ ሦስተኛው ላይ ተቀምጧል። ስሟ የለም። ይባስ ብሎ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ያለ መናፈሻ ውስጥ የዓመቱን ምርጥ አልበሞች የሚመክርበት ዝግጅት አዘጋጀ፤ የራሱንም ከመካከላቸው ጨመረበት። ለስልክ ጌም የሚሠሩ ሰዎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ሙዚቃ የሚሠራላቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ ያን ሦስተኛውን ሰምተው ነው የሚመጡት ተባለ። የልጅ ልጄ ትምህርቷን ከጀመረች ወዲህ የምትመኘው ሥራ ይኸው ነው።

እያለቀሰች መጣች። ነጠላዬን አነሣሁ። ወደ አባቱ ቤት ልሄድ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ግን አንድ ነገር ያዘኝ።

«ከአንቺ በፊትስ የማን ነበር?» አልኋት።

«ምኑ?»

«ዜማው።»

«የጌሙ ነዋ።»

«ጌም ዜማ አይሠራም። የሠራው ሰው ማን ነው?»

ነጠላዬን ሰቀልሁት።

እኔ አራተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርሁ። ያደግሁት ግን ደልጊ በኩል፣ ሐይቁ ዳር፣ አባቴ ቅኔ በሚያስተምሩበት ደብር አጥር ሥር ነው። ከዚያ ቤት አንድ ነገር ለምዶብኛል። አንድ ተማሪ የሌላ ሰው ቅኔ ሊያሰማ ከፈለገ አስቀድሞ የማን እንደሆነና የት ደብር እንደተቀኙት ይናገራል። ሳይናገር ከጀመረ አባቴ እጃቸውን ያነሣሉ። «የማን ነው?» ይላሉ። ካልመለሰ አይጨርስም፤ እዚያው ቆሞ ይቀራል። አንድ ድምፁ የሚያምር ተማሪ የእኔ ነው ብሎ የሰው ቅኔ አሰምቶ ተይዞ ነበር። አባቴ አልቆጡትም፤ ጓደኞቹ ግን ባለፈ ባገደመ ቁጥር «የማን ነው?» እያሉ አላስቀምጥ አሉት። ብዙም ሳይቆይ ደብር ቀየረ።

«አንቺ ስሜ ተወሰደ ብለሽ የምታለቅሺ፣ የሰውዬውን ስም የት አደረግሽው?» አልኋት።

«እማማ፣ ከእኔ ጋር ነሽ ወይስ ከእሱ ጋር?»

«ከሠራው ጋር።»

ተናደደች። በሩን በኃይል ዘግታ ገባች። እኔም አልለመንኋት። ሲመሽ ራሷ ወጣችና ያ ካሴት ላይ የሠሪዎቹ ስም ተፍቆ እንደነበር፣ ካሴቱም ያለ ፈቃድ የተባዛ እንደሆነ ነገረችኝ። በዋናው ጌም ላይ ደግሞ ስም የሚወጣው መጨረሻው ላይ ነው፤ ያሸነፈ ብቻ ያየዋል።

ልጄ ዘንድ ደወልሁ።

«ያ ጌም መጨረሻው ላይ ስም ይወጣበታል?»

«እናቴ፣ ገበያ ላይ ነኝ። ምን ነክቶሽ ነው?»

«መልስልኝ።»

«ማን ጨርሶት ያውቃል! ድልድዩ ላይ በደረስሁ ቁጥር አንቺ አይደለሽ ሶኬቱን የምትነቅይው?»

«ደግ አደረግሁ» ብዬ ዘጋሁት።

ዋናውን ጌም ከኢንተርኔት አውርዳ መጫወት ጀመረች። አጠገቧ ዱካዬን ስቤ ተቀመጥሁ። ያን ዜማ እንደገና በገዛ ቤቴ ሰማሁት። ያቺ ትንሽ ሰው ዛሬም ትወድቃለች፤ ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ነገር አልተማረችም። «በግራ በኩል!» እላለሁ። «ዝም በዪ እማማ!» ትላለች። ድልድዩን ስታልፍ ሁለታችንም ጮኽን፤ ጎረቤት ሰው የሞተብን መስሎት በአጥር በኩል ጠየቀን።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጨረሰችው። ጣራው ሁሉ ጠፍቶ ሰማይ ብቻ ቀረ፤ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ስሞች ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ። ሙዚቃ የሚለው ቦታ ሲደርስ አንድ አጭር ቃል ብቻ ወጣች።

«የሰው ስም ነው?» አልሁ።

«ቅጽል ስም ነው። ያኔ ጌም ሠሪዎቹ ድርጅቶች ሠራተኛው ትክክለኛ ስሙን እንዳይጽፍ ይከለክሉ ነበር። ሌላ ድርጅት እንዳይወስድባቸው።»

ሰውን ቀጥሮ፣ ዜማውን ተቀብሎ፣ ስሙን የሚደብቅ ጌታ! ለካ ይህ መካሪ የተባለው ልጅ የጀመረው ነገር የለም፤ ቀዳሚዎች አሉት። ያን ቀን የተናገርሁትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም።

ልጅቱ ግን ሌላ ነገር አስጨነቃት። «ዜማው የእኔ አይደለም ብዬ ከተናገርሁ፣ አየሽ አንቺም ሰርቀሻል ይለኛል» አለች። «የመጡት ሰዎችም ያምኑታል።»

«ሊያምኑት ይችላሉ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ አንቺ ምረጪ። እኔ እሱን የምጠይቀውን አንቺንም እጠይቃለሁ።»

ቅዳሜ ሄድን። ከሐይቁ ዳር ደንገሉ አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፤ ድምፅ ማጉያ ቆሟል። ልጁ ማይክሮፎን ይዞ ይመክራል። ይህ «መንፈስን ያድሳል»፤ ያኛው «የልጅነት ትዝታን ይቀሰቅሳል»። ዝናብ የተጨመረበት አልበም አንደኛ ወጣ። ደህናው፣ እጁን የሰበሰበው፣ ከነጭራሹ አልተጠራም። ከዚያ የራሱን አልበም አነሣና ሦስተኛውን ከፈተው። የመጡት እንግዶች ስልካቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ።

ግማሹ ላይ ሲደርስ ተነሣሁ። እጄን አነሣሁ።

«የማን ነው?»

ዜማውን ዝቅ አደረገው። «እማማ! እንኳን ደህና መጡ። ወንበር ስጧቸው እባካችሁ።»

«ወንበር አለኝ። የማን ነው አልሁህ።»

«የቡድናችን ነው።» ፈገግ አለ። «ደግሞ እማማ፣ ሪሚክስ እኮ የማንም አይደለም። የሁሉም ነው።»

«የማንም ካልሆነ ያንተ ስም እዚያ ላይ ተጎልቶ ምን ይሠራል? አውርደዋ።»

ሰዎቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ የሚስቅበት ነገር ስላልነበረው ቶሎ አቆመ። እኔ ተቀመጥሁ፤ የእኔ ድርሻ እዚያ ያበቃል። የልጅ ልጄ ተነሣች። «የእኔ ነው» ብትል በዚያ ሰዓት የሚከራከራት አልነበረም፤ የሳቀው ሰው ሁሉ ከእሷ ጋር ነበር። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች።

«ዜማውን የሠራው ሌላ ሰው ነው» አለች። ያቺን ቅጽል ስም ጠራች። «ትክክለኛ ስሙን አላገኘሁትም። ከበሮውን፣ የሥሩን ድምፅና የመሐሉን ክራር የሠራሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ የራሷን ስም ተናገረች። ድምፅዋ ከእነ አባቴ አጥር የተሰማ ይመስል ነበር።

«ይኸው!» አለ ልጁ በማይክሮፎኑ። «የእሷም አይደለም ማለት ነው። ራሷ መሰከረች።»

ግማሹ ሰው አጨበጨበለት። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ በጨዋ ደንብ እስከ መጨረሻው ተቀምጠው፣ ማንንም ሳያነጋግሩ ሄዱ።

ወደ ዘንዘልማ በባጃጅ ተመለስን።

«በአንቺ ምክር ሥራ አጣሁ» አለችኝ።

«አጣሽ።»

«ትንሽ እንኳ አልከፋሽም?»

«ከፍቶኛል። ያ ዝናቡ አንደኛ መውጣቱም ከፍቶኛል።»

ሳቀች። «እሱስ እኔንም አናዶኛል።»

ልጁ በሳምንቱ ሦስተኛውን ሥራ ከአልበሙ አወጣው። ስሟን ከመጨመር ማውጣት ቀለለው። አሁን የሚመክረው የውጭ ሰዎችን ብቻ ነው፤ የውጭ ሰው ዘንዘልማ አያት የለውም። የልጅ ልጄ የራሷን አልበም ለብቻው አወጣች፤ ሁሉም ከዚያው ጌም የተወሰደ ነው። ስትከፍቱት የመጀመሪያው መስመር ላይ የሚገኘው ያ ቅጽል ስም ነው፤ የእሷ ሁለተኛው ላይ ነው። የሰማው ሰው ጥቂት ነው። አንዱ አባቷ ነው። ሰምቶ ደወለና «ስሙን ድገሚልኝ» አላት። ደገመችለት። «ይህን ሁሉ ዘመን የማፏጨው የእሱ ነው በያ» አለ፤ ከጀርባው የገበያው ጫጫታ ይሰማ ነበር።

እንግዲህ እኔም መካሪ ሆኛለሁና ይህን አልበም ስሙ። የልጅ ልጄ ሥራ ነውና ምስክርነቴን ቀንሳችሁ ተቀበሉት። የድልድዩ ጥሩ ነው፤ አጭሩም ጥሩ ነው። አራተኛው ረዝሟል፤ ነግሬያት አልሰማችኝም። የመጨረሻው ላይ ደግሞ ዝናብ ጨምራበታለች። እሱን ዝለሉት።