ፊቱን ሸፍነን ነበር

በጋዜጣው ዝግጅት ክፍል በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሁላችንም «መጋረጃው» እንለው ነበር። ሥራው ፎቶ ማስተካከል ነው። አደጋ በደረሰ ቁጥር የሟቾቹን ፊት ያደበዝዛል፣ ደም ካለ ይሸፍናል። እኔ አራሚ ነበርኩ፤ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ስለሆነ ሃያ ዓመት ሙሉ ስንነታረክ ኖረናል። እንደሱ ዝግ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። አንድ ፊት ለመሸፈን ግማሽ ሰዓት! ሚስቱማ «እቤትም ሳህን የሚያጥበው እንደዚሁ ነው» ትለኛለች።

«ሙሽራ ነው እንዴ የምታስጌጠው?» እለዋለሁ።

«ሰው ነው» ይለኛል፣ ቀና እንኳ ሳይል።

አንድ ማክሰኞ ከሕንፃ ግንባታ ላይ ወድቆ የሞተ ወጣት ፎቶ መጣ። መጋረጃው እንደ ልማዱ ፊቱን ሸፈነ። ደንባችን ይኸው ነበር፤ ፊት ከተሸፈነ ፎቶው ይወጣል። ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት እናት ጋዜጣውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው መጡ። ዘመዶቻቸው ሰብሰብ ብለው ቀስ አድርገው ሊያረዷቸው ተነጋግረው ነበር፤ እኛ ቀደምናቸው። ሱቅ በር ላይ ተሰቅሎ አይተው፣ ገዝተው ነው የመጡት። የልጃቸውን መርዶ ሸጥንላቸው ማለት ነው። ፊቱ አይታይም፤ የሹራቡን ክርን ግን በሌላ ቀለም ክር የጠገኑት እሳቸው ናቸው።

መጋረጃው ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸው። «እናቴ፣ የሸፈንኩት እኔ ነኝ» አለ።

«እናት ልጇን በፊቱ ብቻ የምታውቅ መሰለህ ልጄ?»

እኔ ምላሴ የማያርፈው ሴትዮም አፈርኩ።

«ሁለተኛ እንዳታወጡት» አሉ። «እናንተ ዘንድ ያለውንም አጥፉልኝ።»

አዘጋጁ ፎቶውን ለነገውም ገጽ ይፈልገው ነበር። በሩ ላይ ቆሞ «ፎቶው የድርጅቱ ንብረት ነው» አለ።

«የእሳቸው ልጅ ነው!» አለ መጋረጃው። በሃያ ዓመት ውስጥ ሲጮህ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አዘጋጁ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

መጋረጃው አጠገባቸው በርከክ አለ። «ያልተሸፈነው እዚህ አለ። ሳያዩት ይጥፋ ወይስ ያዩታል?»

«ክፉ ነው?»

«አይደለም። ፊቱ ምንም አልሆነም።»

ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረው። ጠጋ ብለው አዩት።

«ሲወጣ ፀጉርህን አበጥር ብዬው ነበር» አሉ፤ በጣታቸው መስታወቱን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። አላለቀሱም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

መጋረጃው ጣቱን የመሰረዣው ቁልፍ ላይ አድርጎ ጠበቀ። «ላጥፋው እናቴ?»

«ቆይ ልጄ» አሉት። «ቆይ፣ ትንሽ ልየው።»

ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሳ።